ለማን ይነገር? ባልና ሚስት፣ ካንሰርና በፍቅር ስም የሚያዝ ምሥጢር

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን ካንሰር አንድ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «መድኃኒቱ የት ይገኛል?» የሚለው አይደለም። «ለማን ይነገር?» የሚለው ነው። ሚስት ከታመመች ባል ወደ ኮሪደር ይጠራና ውጤቱ በጆሮው ይነገረዋል። የታመመው ባል ከሆነ ደግሞ ወንድሙ ወይም የመጀመሪያ ልጁ ይጠራል፤ ሚስት «አትችለውም» ተብላ ትታለፋለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚያውቁ ወዲህ፣ የማያውቁ ወዲያ። ለታማሚዋ «ጨጓራ ነው»፣ «ትንሽ እብጠት ናት» ይባላል። የበሽታው ስም አይነሳም፤ ማንሳት ግድ ከሆነም «ያ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚወዷት እነሱ ናቸው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ምሥጢሩ የሚያዘው በፍቅር ስም ስለሆነ ማንም ደፍሮ «ይህ ነገር ይጠቅማል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ብዙዎቻችን ደግሞ «ባህላችን ነው» ብለን እናልፈዋለን። የዛሬው ጽሑፍ ይህን ምሥጢር በታሪክ መንገድ ይከተለዋል። በአራት ጥንዶች ቤት አልፈን ወደ ራሳችን እንመለሳለን።

🔹 ፓሪስ፣ 1811

ፋኒ በርኒ በዘመኗ ስመ ጥር ከነበሩ እንግሊዛውያን ልቦለድ ጸሐፊዎች አንዷ ነበረች። በ1793 ከአብዮቱ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ዳርብሌ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን አገባች። በ1811 ፓሪስ ሲኖሩ ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ነው ተባለ። ሕክምናውን የመራው የናፖሊዮን ሠራዊት ቀዶ ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ላሬ ነው። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና ላይ በይፋ የታየው በ1846 ስለሆነ፣ በርኒ ጡቷ ሲቆረጥ ሙሉ በሙሉ ነቅታ ነበር። የተሰጣት ትንሽ ወይን ያለበት መጠጥና ፊቷ ላይ የተጣለ ስስ መሐረብ ብቻ ነው።

ቀኑ ሴፕቴምበር 30 ነበር። ሐኪሞቹ እንደሚመጡ የተነገራት ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ ባሏ ሥራ ቦታው እንዲቆይ ማመቻቸት ነበር። ስቃይዋን እንዲያይ አልፈለገችም። በኋላ ለእህቷ ሁሉንም ዘርዝራ ጻፈች፤ ደብዳቤው ወራት ፈጀባት። በርኒ ከዚያ በኋላ ወደ 28 ዓመት ገደማ ኖራ በ1840 በ87 ዓመቷ አረፈች። ባሏ ቀድሟት በ1818 ሞቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በርኒ ከባሏ የደበቀችው በሽታውን አይደለም፤ ቀኑን ነው። የደበቀችውም ራሷ ታማሚዋ ናት። የራሷን ሕመም ልክ ታውቃለች፣ ማን ምን ያህል ይይ የሚለውን የወሰነችውም እሷ ናት። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

🔹 በርሊን፣ 1888

ሁለተኛው ቤት ቤተ መንግሥት ነው። የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሪድሪክ የንግሥት ቪክቶሪያን የመጀመሪያ ልጅ ያገባው በ1858 ነው። እናትና ልጅ ስማቸው አንድ ነው፤ ልጅቱን ቤተሰቧ ቪኪ ይላት ነበር። በ1887 መጀመሪያ ፍሪድሪክ ድምፁ ይጎረንን ጀመር። የጀርመን ሐኪሞች ካንሰር ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ጉሮሮው እንዲከፈትም አሰቡ። ከለንደን የተጠራው ሞሬል ማኬንዚ ግን መጀመሪያ ናሙና ይመርመር አለ። ናሙናውን ያየው በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሩዶልፍ ፊርሾ ካንሰር አላገኘበትም። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። በኖቬምበር ግን ጥርጥር አልቀረም።

በፌብሩዋሪ 1888 መተንፈሻ ቧንቧው ተበስቶ ቱቦ ገባለት፤ ድምፁም ጠፋ። በማርች አባቱ ሲሞቱ መናገር የማይችለው ሰው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ከሚስቱም ከሚኒስትሮቹም ጋር የሚነጋገረው በብጣሽ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። በ99ኛው ቀን፣ ጁን 15 ሞተ።

ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው አልተደባበቁም። ቪኪ ከአጠገቡ አልተለየችም፣ በሰው ፊትም ፈገግ ብላ ተስፋ ታሳይ ነበር። ፈገግታዋ ግን በርሊን ውስጥ ወንጀል ሆነባት። «እንግሊዛዊቷ» ባሏን ለእንግሊዛዊ ሐኪም አሳልፋ ሰጠችው፣ ደንታም የላትም ተባለ። ባሏ ባረፈበት ቀን ልጇ ዊልሄልም ዳግማዊ ቤተ መንግሥቱን በወታደር አስከቦ የወላጆቹን ወረቀት አስፈተሸ። ከዓመታት በኋላ ቪኪ ራሷ የጡት ካንሰር ሲይዛት ለረጅም ጊዜ ደብቃ ቆየች፤ በ1901 በዚሁ በሽታ ሞተች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ብትደብቅ ማን ይፈርድባታል?

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሕመሙ ካንሰር ባይሆንም ዳግማዊ ምኒልክ አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት እቴጌ ጣይቱ ያዩትን እናውቃለን። በ1910 መኳንንቱ ከሥልጣን ገፍተው ባለቤትዎን ያስታምሙ አሏቸው። ንጉሡ በ1913 መጨረሻ ሲያርፉም ሞታቸው ተደብቆ ቆየ። የታላቅ ሰው ሕመም የሌሎች ጉዳይ ሲሆን አስታማሚ ሚስት ተጠርጣሪ ትሆናለች። በተራው ሰው ቤትም ቢሆን «ምን አብልታው ነው?»፣ «ምን ሠርታ ነው?» የሚል ወሬ አይጠፋም።

የፍሪድሪክና የቪኪ ቤት የሚያሳየን ለውጭ ሰው ዝም ማለትና እርስ በርስ ዝም መባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው አንዳንዴ መከለያ ይሆናል። ሁለተኛውን በሦስተኛው ቤት እናየዋለን።

🔹 ቦነስ አይረስ፣ 1951

ሁዋን ፔሮን የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የመጀመሪያ ሚስቱን አውሬሊያ ቲሶንን በማሕፀን ካንሰር ቀብሯል፤ በ1938። በ1945 ያገባት ኤቫ ዱዋርቴ፣ ዓለም ኤቪታ የሚላት፣ በ1950 መጀመሪያ በአደባባይ ራሷን ሳተች። በ1951 የማሕፀን በር ካንሰር እንደያዛት ታወቀ። ለባል ተነገረ። ለእሷ አልተነገረም።

በኖቬምበር 1951 ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ከኒውዮርክ በምሥጢር የመጣ ጆርጅ ፓክ የተባለ የካንሰር ሐኪም ነበር። ወደ ክፍሉ የገባው እሷ በማደንዘዣ ከተኛች በኋላ ነው፤ ሰውነቷን የከፈተው ሰው ማን እንደሆነ አልተነገራትም። ጋዜጦች የበሽታውን ስም አይጽፉም። ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ይጸልያል፤ ከምን እንድትድን እንደሚጸልይ ግን በይፋ የነገረው የለም።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በቀናት ውስጥ፣ ኖቬምበር 11፣ የአርጀንቲና ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ሰጡ። ኤቪታ ለዚህ መብት ታግላለች፤ ሕጉ በ1947 ሲወጣ ግንባር ቀደም ነበረች። የምርጫ ሣጥኑ ሆስፒታል ድረስ መጥቶላት አልጋዋ ላይ ሆና ድምፅ ሰጠች። አገሯን ማን ይምራ በሚለው ላይ ድምፅ ያላት ሴት በገዛ አካሏ ጉዳይ ድምፅ አልነበራትም። ጁላይ 26 ቀን 1952 በ33 ዓመቷ ሞተች።

ፔሮን ጨካኝ ባል ስለነበረ ነው ይህን ያደረገው ማለት ይቀላል። በፖለቲካው ብዙ የሚባልበት ሰው ነው። በዚህ ነገር ግን በዘመኑ ሐኪሞች ዘንድ የተለመደውን ነው ያደረገው። በ1961 ቺካጎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል 219 ሐኪሞች «ለታማሚው ካንሰር እንደያዘው ትነግሩታላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ከ10 ዘጠኝ ያህሉ አለመንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። ይህ እንግዲህ በአሜሪካ ነው። በጃፓንም ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በ1989 ሲሞቱ በሽታቸው ካንሰር እንደነበረ በይፋ የተገለጸው ካረፉ በኋላ ነው። ስለዚህ «መደበቅ የኛ ባህል ነው፣ መናገር የፈረንጅ ነው» የሚለው አባባል በታሪክ አያዋጣም። ፈረንጅም ትናንት ይደብቅ ነበር።

🔹 ዋሽንግተን፣ 1974

ጄራልድ ፎርድ ፕሬዚዳንት በሆነ በሰባት ሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 28፣ ሚስቱ ቤቲ ቤተዝዳ በሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ጡቷ ተቆረጠ። በዚያው ቀን ፎርድ የዋጋ ንረትን ለመምከር በተጠራ ትልቅ ጉባኤ ላይ መናገር ነበረበት። መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሚስቱ ሲናገር እንባው መጣ። የአንድ ኃያል አገር መሪ በሚስቱ ካንሰር ምክንያት ሕዝብ ፊት ሲያለቅስ መታየቱ ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር።

ከዚያ የበለጠው የበሽታው ስም መጠራቱ ነው። «ጡት» የሚለውን ቃል ከ«ካንሰር» ጋር አጣምሮ በዜና ማንበብ ነውር ይመስል በነበረበት ጊዜ ዋይት ሃውስ ሁለቱንም በግልጽ ተናገረ። ባልና ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ አብረው ሆነው 100ውም ሴናተሮች የፈረሙበትን የመልካም ምኞት ደብዳቤ ሲያነቡ የተነሱት ፎቶ ወጣ። ከ50,000 በላይ ደብዳቤዎችና ካርዶች ጎረፉ። ብዙ አሜሪካውያን ሴቶች ጡታቸውን ለማስመርመር ተሰለፉ፤ የተገኘው የጡት ካንሰር ቁጥር ለጊዜው ከፍ አለ። ከነዚህ አንዷ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጨው የኔልሰን ሮክፌለር ሚስት ናት፤ ሳምንታት ሳይቆዩ እሷም ታከመች።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ያማረ ይሆን ነበር። ግን ሌላ ገጽ አለው። በዚያ ዘመን ልማዱ ሴትዮዋን አስተኝቶ ናሙና መውሰድና ካንሰር ከሆነ ሳትነቃ ጡቷን መቁረጥ ነበር። ወደ ክፍሉ የምትገባ ሴት ስትነቃ ጡቷ ይኑር አይኑር አታውቅም። ውጭ የሚጠብቀው ባሏ ከእሷ ቀድሞ ያውቃል። በዚያው ዓመት ራሷም የጡት ካንሰር የያዛት ሮዝ ኩሽነር የተባለች ጋዜጠኛ ቤቲ ፎርድ ነቅታ ውጤቱን ሰምታ እንድትወስን ለመወትወት ዋይት ሃውስ ደወለች። ኋላ እንደጻፈችው፣ ፕሬዚዳንቱ ወስኗል የሚል መልስ ተሰጣት። ካንሰሩን በግልጽ በተናገረው ቤት እንኳ ልማዱ የሚቀናው ውሳኔውን ለባል መስጠት ነበር።

ኩሽነር አልተወችውም። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው እንዲለያዩ፣ ሴትዮዋም በመካከል አስባ እንድትወስን መከረ። በጉባኤው ውስጥ ኩሽነር ተቀምጣ ነበር። በዚያው 1979 ያ የ1961ዱ ዓይነት ጥያቄ በሌላ የአሜሪካ ሆስፒታል ላሉ ሐኪሞች ሲቀርብ 97 ከመቶው መንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። በ18 ዓመት ውስጥ አንድ ሙያ ፊቱን አዞረ።

ምን አዞረው? አንዱ ምክንያት ሕክምናው ራሱ ነው። መድኃኒት በሌለበት ዘመን መንገር የሞት ፍርድ ማንበብ ይመስል ነበር። ኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና ውጤት ማሳየት ሲጀምሩ ታማሚዋ ሳታውቅ ለወራት ተመላልሳ መታከም አልቻለችም። ሌላው የሴቶችና የታማሚዎች የመብት ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከአንድ የትዳር ጠረጴዛ የመጣ ነው። ጂሚ ሆላንድ የአእምሮ ሐኪም ነበረች፤ ባሏ ጄምስ ሆላንድ ከኬሞቴራፒ ጀማሪዎች አንዱ ነበር። እነ ባሏ ከታማሚው የማይመዘግቡት ነገር የለም፤ የደም ቁጥሩ፣ ክብደቱ፣ እብጠቱ። ምን እንደተሰማው ግን የሚጠይቅ የለም። ሆላንድ ይህን ጥያቄ ይዛ ተነስታ በ1977 በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አቋቋመች። የካንሰር ታማሚንና የቤተሰቡን ስሜት የሚያጠናው የሕክምና ዘርፍ ከዚህ አደገ።

🔹 የጥንዶች ጥናት ምን አገኘ?

በ1991 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የልብ ድካም የደረሰባቸውን ባሎችና ሚስቶቻቸውን አጠኑ። ባሏ እንዳይጨነቅ ብላ ስጋቷን የምትውጥ፣ ክርክር የምታስቀር፣ ሁሉ ሰላም ነው የምትል ሚስት ራሷ ይበልጥ ትጨነቃለች። ይኸው ዓይነት መሸፋፈን ቀጥሎ በካንሰር ጥንዶች ላይም ተጠና። በ2008 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ ደግሞ ጭንቀቱ የሚበዛው በታማሚው ላይ ነው የሚለው ግምት አልጸናም። ታማሚም ትሁን አስታማሚ፣ ይበልጥ የምትጨነቀው ሴቷ ሆና ተገኘች።

መራሩን ቁጥርም አንሸሽገው። በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአንጎል ዕጢ፣ በሌላ ካንሰርና በአንድ የነርቭ በሽታ የታመሙ 515 ሰዎችን ተከታተለ። ታማሚዋ ሴት ስትሆን 20.8 ከመቶው ትዳር ፈረሰ ወይም ተለያየ። ታማሚው ወንድ ሲሆን 2.9 ከመቶ ብቻ። በዴንማርክ መላውን ሕዝብ ያየ ጥናት ግን ካንሰር በጥቅሉ ፍቺን እንደማያበዛ አሳይቷል። ስለዚህ ካንሰር በራሱ ትዳር ያፈርሳል ማለት አይቻልም። ሸክሙ እኩል እንደማይከፈል ግን ግልጽ ነው።

🔹 ወደ ራሳችን

በአማርኛ ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሁለት በሽታ አገልግሏል። ካንሰርንም እንላለን፣ ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን። ሁለቱም ስማቸው የማይጠራ፣ ቤት የሚያዘጋ በሽታ ነበሩ። ቲቢ መድኃኒት ሲገኝለት ስሙን መጥራት ተለመደ። የካንሰር ግን ዛሬም በሹክሹክታ ነው።

ለዚህ ምክንያት አለን። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚገኘው። ከገጠር የመጡ ባልና ሚስት አንዳቸው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ሌላው ልጅና ከብት ይዞ አገር ቤት ይቀራል። ብዙው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በዚህ ላይ «እውነቱን ንገሯት» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል።

ቢሆንም የመደበቁን ዋጋ እንቁጠረው። ጨጓራ ነው የተባለች ሴት ፀጉሯን የሚያረግፍ መድኃኒት ለወራት እንድትወስድ በምን እናሳምናታለን? ቤቱ ተሽጦ ታይላንድ ወይም ህንድ ትሂድ ሲባል ቤቱ የእሷም ነው፤ ልጆቿ የት ይደሩ የሚለውን የምትመልሰው እሷ ናት። ምናልባት ገንዘቡ ለልጆቼ ይሁን፣ እኔ ጸበሌን ይዤ እዚሁ ልታከም ትል ይሆናል። ምናልባትም ሽጡልኝ ትል ይሆናል። ያልነገርናት ግን አንዱንም አትልም። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ታውቃለች። ወረፋ ላይ አብረዋት የተቀመጡትን ታያለች፣ የባሏን ፊት ታነባለች። ከዚያ እሱ እንዳይጨነቅ እሷ እንዳላወቀች ትሆናለች፤ እሱም እሷ እንዳትጨነቅ ደህና የሆነ ይመስላል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ሁለቱም ለየብቻቸው ያለቅሳሉ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» የምንል ሰዎች ባሕሩን ለሁለት ከፍለነዋል።

«ከተነገራት ተስፋ ትቆርጣለች» የሚለው ስጋት ባዶ አይደለም። በኮሪደር ላይ፣ በጥድፊያ፣ ብቻዋን ቆማ ከተነገራት በእርግጥ ትሰበራለች። ለዚህ መልሱ ግን በእጃችን ነው፤ መርዶ የሚባል ሥርዓት አለን። ሰው ሲሞት ምን እናደርጋለን? ዘመድ ይማከራል፤ ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር ይባላል። ማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ ይኬዳል፣ የሚደግፍ ሰው ከግራ ከቀኝ ይቀመጣል። ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም ያለ ኢትዮጵያዊ እናቱ ስትሞት በስልክ ድንገት አይነገረውም፤ ወዳጆቹ በጠዋት በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ «አትንገሩት» አይልም። «ብቻውን ሳለ አትንገሩት» ነው የሚለው። የሞትን ወሬ በዚህ ጥንቃቄ የምንነግር ሕዝብ፣ ገና በሕይወት ላለች ሴት የሕመሟን ስም ስንነግር ጥንቃቄውን ለምን እንነፍጋታለን?

በተግባር ብዙ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ናሙና ከመወሰዱ በፊት ሐኪሙ ታማሚዋን አንድ ጥያቄ ይጠይቃት፦ «ውጤቱ ሲመጣ ማን አብሮሽ እንዲሰማ ትፈልጊያለሽ?» «ለባሌ ብቻ ንገሩልኝ፣ እኔ አልፈልግም» ካለች እሱም ውሳኔዋ ነው፤ በርኒ የራሷን እንደወሰነችው። ውጤቱ ሲመጣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይቀመጡ። ባልም ይጠየቅ፤ «ወንድ ልጅ ቻል ያድርግ» ተብሎ የታለፈ አስታማሚ ስንት ሌሊት እንደማይተኛ የሚያይለት የለም። አብዛኛው ዕድራችን የተደራጀው ለቀብር ነው። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት፣ ሰውየው ገና በሕክምና ላይ ሳለ ሁለት ሰዎች ተራ ገብተው ሆስፒታል ቢያድሩለት ዕድሩ አይጎዳም።

ግልጽነት ሁሉን አይፈውስም። ቤቲ ፎርድ ካንሰሯን በአደባባይ ተናግራ፣ የመድኃኒትና የአልኮል ሱሷን ግን እስከ 1978 ድረስ ለመቀበል ተቸግራለች። ያኔም ቤተሰቧ ነው አንድ ላይ ተቀምጦ እውነቱን የነገራት። ባሏ በ2006፣ እሷ በ2011 አረፉ፤ ሁለቱም በ93 ዓመታቸው። ኤቪታ በ33 ዓመቷ የሞተችው ስላልተነገራት ነው ማለት አይቻልም፤ የዘመኑ ሕክምና ያን ያህል ነበር። ግን ከባሏ ጋር የመሰናበቻ ጊዜዋ ውሸት ላይ የቆመ ነበር። ብንነግራትም ባንነግራትም በሽታው ሊቀድመን ይችላል። የመጨረሻዎቹን ወራት ባልና ሚስት አብረው ያሳልፏቸው ወይስ እየተደባበቁ የሚለው ግን በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።